ኤሌክትሪክ ምጣድ ለብቻው ለሚኖር ሰው፦ የ8 ወር ተሞክሮዬ

ምጣድ የገዛሁት ተናድጄ ነው። አንድ ረቡዕ ማታ ከስራ ስመለስ እንደ ልማዴ ከሰፈር ሱቅ 4 እንጀራ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ፌስታሉን ስፈታው ሁለቱ ከስር ሻግተዋል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ስጠቀልላቸው ይፈረፈራሉ። ቀኑን ሙሉ ሻይ በዳቦ ብቻ ነበር የቀመስኩት። ወጡ ሞቋል፣ እንጀራ ግን የለም። እዚያው ማድ ቤት ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። 31 ዓመቴ ነው። ስራ አለኝ፣ ኪራይ በወሩ እከፍላለሁ፣ የምችለውን ያህል ለቤተሰብ እልካለሁ። ግን በቀን ሁለቴ የምበላውን ነገር ማን እንደጋገረው፣ ከምን እንደጋገረው፣ መቼ እንደጋገረው አላውቅም።

እናት ቤት እያለን እንጀራ መሶብ ውስጥ ያለ ነገር ነበር። ከፍተን እናወጣለን፣ አለቀ። ጤፍ ማስለቀም፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መያዝ፣ ማቡካት፣ ሌሊት ተነስቶ ሊጡን ማየት፣ ይሄ ሁሉ የሚታየን ብቻችንን መኖር ስንጀምር ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሁፍ የዕቃ ግምገማ ቢሆንም ስለ ምጣዱ ብቻ ማውራት አልችልም። ምጣዱ ብቻውን አይመጣምና።

መጀመሪያ የኪራዩን ጉዳይ ልናገር፣ ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩት እዚህ ላይ ስለሆነ። በፊት የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ቆጣሪው የጋራ ነው። ዕቃዬን ሳላስገባ የተነገረኝ የመጀመሪያ ነገር «ምጣድ አይሰካም» የሚል ነው። ያኔ ምጣድ ስላልነበረኝ እሺ ብዬ ገባሁ። አከራዮቹን አሁን ስረዳቸው ብዙም አልፈርድባቸውም፤ በአንድ ቆጣሪ 4 ቤተሰብ ተሰክቶ አንዱ ምጣድ ሲጨምርበት ብሬከሩ ይወድቃል፣ ሂሳብ የመጣ ቀን ደግሞ ጭቅጭቅ ነው። አሁን ያለሁት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ስቱዲዮ ናት፣ ጠባብ ናት፣ ግን የራሷ ቆጣሪ አላት። ቤት የምትፈልጉ ሰዎች ስለ ውሃና ስለ መታጠቢያ ቤት እንደምትጠይቁት ሁሉ ቆጣሪው የግል ነው ወይ፣ ምጣድ ይሰካል ወይ ብላችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ከገባችሁ በኋላ መልሱ አይቀየርም።

ምጣዱን የገዛሁት ሾላ ገበያ ነው። ፋብሪካ የሰራው አይደለም፣ እዚሁ አገር ውስጥ የሚገጣጠመው የተለመደው ክብ ምጣድ ነው። ከላይ የሸክላው ምጣድ አለ። ከሸክላው ስር ጥምዝምዝ ቦይ ተቀርጾ የሚግለው ሽቦ ይተኛበታል፣ ሻጮቹ ሬዚስታንስ ይሉታል። ከዚያ በጀሶ ይደፈናል፣ ዙሪያው በላሜራ ይታቀፋል፣ እግርና ክዳን ይጨመርበታል። በጣም ቀላል አሰራር ነው፣ ጥሩነቱም እዚህ ላይ ነው። ሽቦው ቢቃጠል ይቀየራል፣ ሸክላው ቢሰነጠቅም ይቀየራል። ሰፈር ውስጥ የሚጠግነው ሰው አይጠፋም።

ስትገዙ ሸክላውን በጣታችሁ አንኳኩት። ደህናው ጥርት ያለ ድምጽ አለው፣ የተሰነጠቀው ድምጹ ይታፈናል። ይሄን ያሳየችኝ አጠገቤ ቆማ ስትመርጥ የነበረች ሴት ናት፣ እድሜ ይስጣት። ስንጥቅ እንደ ቀላል ነገር አይታለፍም። ሊጡ በስንጥቁ ገብቶ ሽቦው ጋ ከደረሰ ምጣዱ ኤሌክትሪክ ሊያስይዛችሁ ይችላል። ላሜራውን በደንብ እዩት፣ የኧርዝ ሽቦ (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) እንዳለውም አረጋግጡ። የእኔ አልነበረውም፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ነው ያስገጠምኩት።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ። ምጣዱን ይዤ የገባሁ ቀን ቸኩዬ ስለነበር ቴሌቪዥኑ በተሰካበት ኤክስቴንሽን ላይ ሰካሁት። 10 ደቂቃ አልሞላም፣ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ኤክስቴንሽኑ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ብጠብቀው ኖሮ ቤቱ ይነድ ነበር፤ ከላይም ከታችም ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች አሉ። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ሒሳቡን በኋላ ነው የተማርኩት። እንዲህ አይነቱ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። የግድግዳችን ተራ ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር ነው የሚችለው፣ ያውም ደህና ከሆነ። ስለዚህ ምጣድ ኤክስቴንሽን ላይ አይሰካም፣ ተራ ሶኬት ላይም ባይሰካ ይሻላል። እኔ ከቦርዱ ራሱን የቻለ መስመር አስጎተትኩ፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከር። ለሽቦው፣ ለብሬከሩና ለባለሙያው የከፈልኩት ተደምሮ የምጣዱን ዋጋ ግማሽ አለፈ። ሱቅ ውስጥ ስለዚህ ወጪ ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ ዋጋ ስታሰሉ ምጣዱን ብቻ አታስሉ፤ መስመሩን ጨምሩ፣ ሰፌዱን ጨምሩ፣ የሊጥ ባልዲውን ጨምሩ።

ከዚያ ማሟሸት አለ። አዲስ ሸክላ እንደተገዛ አይጋገርበትም፣ እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። ደሴ ላለችው እናቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ ጎመን ዘር ገዝተህ ውቀጠው፣ ምጣዱ ሲግል በትንበት፣ በጨርቅ እሸው፣ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ደጋግመህ» አለችኝ። ደጋገምኩ። ቤቱ በጭስ ተሞላ፣ ጎረቤቴ ምን ተቃጠለ ብላ በሩን አንኳኳች። ምጣድ እያሟሸሁ ነው ስላት መጀመሪያ ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ጨርቁን ከእጄ ተቀብላ እንዴት እንደሚታሽ አሳየችኝ። እርሾም የሰጠችኝ እሷ ናት። ወንድ ልጅ ምጣድ ፊት ሲቆም የሚገርማቸው ሰዎች አሁንም አሉ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝ ሊጡ እንዴት እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ከባድ ነበሩ። አንዴ ሊጡ ሳይኮመጥጥ ጋገርኩት፣ አይን የሌለው ቂጣ ሆነ። አንዴ ደግሞ አብሲት ሳልጥል ቀረሁ። ለማታውቁ፣ አብሲት ማለት ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተቀንሶ በውሃ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስልና በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ እንጀራው እንዲለሰልስና አይን እንዲያወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም በትክክል አድርጌ ምጣዱ ራሱ አልግል አለ። ሸክላው ተበላሽቷል ብዬ ወደ ሱቁ ልመልሰው ነበር። ችግሩ ግን ሰዓቱ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ብሎኩ በሙሉ ምድጃውን ሲሰካ የእኛ ሰፈር መብራት ኃይሉ ይወርዳል፣ አምፖሉ እንኳ ይደበዝዛል። ምጣዱ በቂ ሙቀት ካላገኘ ሊጡ ቀስ ብሎ ይደርቃል እንጂ አይን አያወጣም።

አሁን ስርዓት አበጅቼለታለሁ። ሐሙስ ማታ አቦካለሁ። እሁድ ንጋት 11 ሰዓት ተነስቼ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ቀድቼ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀምጣለሁ፣ አብሲት እጥላለሁ። በዚያው ሰዓት የእኛ ፈረቃ ውሃ ስለሚመጣ ጀሪካን እሞላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ። ልብሱ እስኪሰጣ ሊጡ ኩፍ ይላል። 2 ሰዓት ላይ ብዙው ጎረቤት ቤተክርስቲያን ነው፣ መብራቱ ሙሉ ነው፣ ምጣዱ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይግላል። ከ3 ኪሎ ዱቄት 16 ወይም 17 እንጀራ ይወጣልኛል። በክረምት ቅዝቃዜው ሊጡን ስለሚያዘገየው ረቡዕ ማታ ማቡካት ይሻላል ብላኛለች እናቴ፣ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ እሞክረዋለሁ።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋስ? ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ሊጡን ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት፣ በማግስቱ ትንሽ ኮምጠጥ ቢልም ተበላ። ፍሪጅ ለሌለው ሰው ግን ይሄ ትልቅ ራስ ምታት ነው።

ስለ መብራት ሂሳቡ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ዙር ስጋግር ቆጣሪው ላይ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንስብኛል። በወር 4 ጊዜ ስጋግር 20 ገደማ ነው። ለብቻው ለሚኖር ሰው ይሄ አያስደነግጥም። ነገር ግን ታሪፉ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር ከፍ የሚል ስለሆነ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮም በየሩብ ዓመቱ እየተጨመረ ስለሆነ፣ በየሁለት ቀኑ ለ3 እንጀራ ምጣድ ማጋል ብክነት ነው። ሸክላውን ለማጋል ብቻ ብዙ ኃይል ያልቃል። አንዴ ከጋለ እስከ መጨረሻዋ ጭልፋ ድረስ ጋግሩበት። እኔ የመጨረሻዋን ሊጥ እንጎቻ አድርጌ ለጎረቤቴ ትንሽ ልጅ እሰጣለሁ፣ እሁድ እሁድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ታዲያ አንድ ሰው 16 እንጀራ ምን ያደርግለታል? ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንጀራ በ4ኛው ቀን መሻገት ይጀምራል፣ እኔ ደግሞ በቀን ከሁለት በላይ አልበላም። በትኩሱ አትደራርቡት። እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ በደንብ አብርዳችሁ ከዚያ ደርቡት፤ እንፋሎቱ ከታፈነ በማግስቱ ላብ ያወጣል፣ መሻገት የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ አስገባለሁ። የተረፈው ካለ አድርቄ ድርቆሽ አደርገዋለሁ፣ ጠዋት ለፍርፍር ይሆናል። ከገዛሁ ወዲህ የጣልኩት እንጀራ በጣም ጥቂት ነው። ከሱቅ ስገዛ በየሳምንቱ እጥል ነበር።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ቪዲዮ ላይ ምጣዴን ስታይ ቀናች። እሷ ጋ ቤቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ አይነት ምጣድ ዝም ብሎ አይሰካም። እሷ የምትጋግረው ለኖርዌይ ሰዎች ቂጣ ተብሎ በተሰራ ክብ የአልሙኒየም መጋገሪያ ላይ ነው፣ እዚያ ያሉ ብዙ ሐበሾች ይጠቀሙበታል። አነስ ያለ ነው፣ እንጀራው ከትሪ ያንሳል። ግን በቁልፍ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። ይሄ የእኔው ላይ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። የእኔ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው፣ በጣም ሲግል ነቅዬ እጠብቃለሁ። በምጣዱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው። ሁለተኛው ክዳኑ ነው፤ ስስ ቆርቆሮ ነው፣ መያዣው በ2 ወሩ ተነቀለ፣ በእንጨት አስተክቼዋለሁ። ሶስተኛው ቦታ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ይሄን የሚያህል ክብ ነገር የሚቀመጥበት የለም፣ የእኔው አልጋ ስር ነው የሚያድረው። ክብደቱም ቀላል ስላልሆነ ስታወጡና ስታስገቡ ሸክላውን እንዳታንኳኩት።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የግል ቆጣሪ ካላችሁ፣ ራሱን የቻለ መስመር ማስጎተት ከቻላችሁ፣ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ካላችሁ ግዙት። ከሶስቱ አንዱ ከጎደለ ቆዩ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ጤፉን ገዝታችሁ በክፍያ አስጋግሩ፤ ያም ቢሆን ከምን እንደተጋገረ ታውቃላችሁ።

እናቴ ለፋሲካ መጥታ ነበር። ዶሮውን እሷ ሰራች፣ እንጀራውን እኔ። አንዱን አነሳችና ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ በጣቷ ዳበሰችው፣ ከዚያ ቆርሳ በላች። ሁለተኛውን ራሷ አነሳች። ስትጨርስ እጇን እየታጠበች «ምጣድህ ግን ጎመን ዘር ጠምቶታል» አለችኝ። ማታውኑ አብረን አሟሸነው።