ደሴዎች፣ የንብ ፖለን ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ

ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ሩብ ኪሎ የንብ ፖለን፣ ማለትም ንቧ ከአበባ ለቅማ በእግሯ የምታመጣውን ብናኝ፣ በ1,500 ብር ገዛሁ። ለእናቴ ብዬ ነው። እማዬ ደም ማነስ ተገኝቶባት የብረት ኪኒን ታዞላት ነበር። ኪኒኑ ሆዷን እያደረቀባት ስትማረር ሳይ ሌላ መላ ፈለግኩ። ሻጩ «አብሽሪ እህቴ! ይሄ የሌለው ቫይታሚን የለም፣ ቢ12 ሳይቀር አለው። ኪኒኑን ትተወውና ይሄን በማር እየለወስሽ ስጫት፤ በወር ደሟ ይሞላል» አለኝ። አመንኩት። እማዬም ኪኒኑን ተወች።

በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ መውጣት አቃታት። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ደሟ ከበፊቱም ወርዷል።

ፖለን ባዶ ነገር ነው አልልም። እንደ አበባው ይለያያል እንጂ ከ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም ገደማው ፕሮቲን ነው። የተለያዩ የቢ ቫይታሚኖች አሉት፤ ቫይታሚን ሲ እና ኢም ይገኙበታል። ግን ማን ነው በቀን 100 ግራም የሚበላው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢበዛ 10 ግራም ነው። ፕሮቲኑ 2 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል እኮ 6 ግራም አለው! እማዬ ብልቃጡን ሙልጭ አድርጋ ብትጨርሰው 50 ግራም ታገኛለች። ሩብ ኪሎ ምስር 60 ግራም ይሰጣታል፣ ያውም በስንት እጥፍ በረከሰ ዋጋ።

ሻጩ ቢ12 አለው ያለኝ ነገር ደግሞ በጣም አናዶኛል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ፖለን የአበባ ነው፤ ለቢ12 ብሎ የሚታመንበት ነገር አይደለም። ብረትም ቢኖረው በማንኪያ የምትወስዱት የኪኒኑን ቦታ አይተካም።

ዕቃውም ራሱ የተበላሸ ነበር። ትኩስ ፖለን ብዙ ውሃ ስላለው በወጉ ካልደረቀ ይሻግታል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲሰነብት ልብስ እንኳ የማይደርቅበት ከተማ ውስጥ ነን። የእኔው ከታች ተጣብቆ ነበር። በማንኪያ ስፈነቅለው ነጭ ሻጋታ፣ ሽታው የረጠበ ጆንያ። የተመረተበት ቀን የለው፣ የሚያበቃበት የለው። ብመልሰው «የተከፈተ አንቀበልም» ተባልኩ። ቦሩ ሜዳ ቀፎ ያለው አጎቴ እንደነገረኝ፣ በደንብ የደረቀ ፖለን ብልቃጡ ሲነቀነቅ ይንኮሻኮሻል፤ ፍሬው ለየብቻው ነው፣ ጣት ላይ አይለጥፍም።

አስም ወይም አለርጂ ያለባችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። አንዲት ማንኪያ እንኳ ጉሮሮ አሳብጣ ትንፋሽ ልታሳጥር ትችላለች። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት። እኔን ሻጩ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀኝም።

እማዬ ኪኒኗን ቀጥላለች። የሆድ ድርቀቱን ስትነግረው ሐኪሙ አወሳሰዱን አስተካከለላት። ያኔውኑ ብንጠይቀው ኖሮ እላለሁ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ብልቃጥ ካለ ዛሬውኑ ክፈቱና ታቹን እዩት፣ አሽትቱት። በሱ ምክንያት የታዘዘለትን መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ካለ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ አሁኑኑ ወደ ሐኪሙ መልሱት።