የ10 ሳምንት የዲጂታል ሚዲያ መሠረታዊ ኮርስ፦ ከአንዲት ተማሪ የቀረበ ግምገማ

በቅርቡ ያጠናቀቅሁት የዲጂታል ሚዲያ መሠረታዊ ኮርስ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን ለ3 ሰዓት የተሰጠ ሲሆን ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ቪዲዮ፣ ስለ ግራፊክስና ስለ ቅጂ መብት በአንድነት የሚያስተምር ነው። ተቋሙን በስም የማልጠቅሰው፣ ይህ ግምገማ ተመሳሳይ ኮርስ ለመውሰድ ላሰበ ሰው ሁሉ መመዘኛ ሆኖ እንዲያገለግል ስለምፈልግ ነው። ስመዘገብ የነበረኝ ችሎታ በእጅ ስልክ ፎቶ አንስቶ ማጋራት ብቻ ስለነበር፣ የምማረው የአንድን ሶፍትዌር ቁልፎች በየተራ መጫን ይመስለኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ኮርሱ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንድ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ከማሳየቱ በፊት ቁልፉ ለምን እንዳስፈለገ በማስረዳቱ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የጎዳኝ ደግሞ የትምህርቶቹ ቅደም ተከተልና የቤት ሥራ እርማት መዘግየት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር አልተከፈተም። መምህራችን ባለ ካሬ ወረቀት አደሉንና በጎንና በቁመት 16 ካሬ ብቻ ተጠቅመን፣ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ፊት ካሬዎቹን በእርሳስ እያጠቆርን እንድንሥል አዘዙን። አንድ ካሬ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል፣ ወይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ግማሹን ማጥቆር ክልክል ነበር። ዓይኖቹንና ከንፈሩን ሥዬ ወደ አፍንጫው ስመለስ የተረፈኝ 1 ካሬ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሁላችንም በዚያች ጥበት ከተቸገርን በኋላ ነው መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ኪርሽ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በስካነር ወደ ኮምፒውተር ስላስገባበት ሙከራ የነገሩን። ያ ምስል በጎንና በቁመት 176፣ በድምሩ 30,976 ነጥብ ብቻ ነበረው። ፒክስል የሚባለው የምስል ነጥብ ምን እንደሆነ በጽሑፍ አንብቤው ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ እረሳው ነበር፤ በእርሳስ ስላጠቆርሁት ግን እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም። በተለመደው የቀለም ምስል እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን የሚገልጹ 3 ቁጥሮች እንዳሉት፣ እያንዳንዱም ቁጥር ከ0 እስከ 255 እንደሚደርስ፣ ከዚህም 16,777,216 ቀለማት እንደሚገኙ የተማርነው በዚሁ ቀን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ፋይል መጠንና ወደ መጭመቅ፣ ማለትም ፋይልን ወደ ማሳነስ፣ ተሻገርን፤ በእኔ ግምት ኮርሱ በጥንቃቄ ከተዘጋጀባቸው ክፍሎች አንዱ ይህ ነው። መምህሩ ቀለል ያለ ስሌት በሰሌዳው ላይ አሠሩን። በጎን 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ ያለው አንድ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ቢያዝ ወደ 6.2 ሜጋባይት ይመጣል፤ በሴኮንድ 25 ሥዕል ለሚያሳይ ቪዲዮ ይህ በሴኮንድ ወደ 155 ሜጋባይት፣ በደቂቃ ደግሞ ከ9 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ በስልካችን ውስጥ እንዴት ሊቀመጥ እንደቻለ መገረም የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎም አንድ የሰው ፊት ፎቶ ጄፔግ በተባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ በዝቅተኛ ጥራት፣ በየጊዜው ከጠርዙ ጥቂት ፒክስል እየቆረጥን 20 ጊዜ ደጋግመን አስቀመጥነው። በመጨረሻ ጉንጩ ላይ ትናንሽ ካሬዎች ወጡ፤ በፀጉሩና በሰማዩ መካከል ያለው መስመርም ጭቃ የተቀባ መሰለ። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ፣ ዓይን እምብዛም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ እንደሚያሳንሰው፣ ፒኤንጂ የተባለው ሌላ የፋይል ዓይነት ግን ምንም ሳይጥል እንደሚጨምቅ በአፍ ብቻ ቢነገረን ተቀብለን እናልፍ ነበር። የጠፋውን ነገር በዓይናችን ካየን በኋላ ግን ከክፍሉ አንድም ተማሪ ዋናውን ፎቶ ሳያስቀር ኤዲት ሲያደርግ አላየሁም።

ስለ ካሜራ የተሰጠው ትምህርት ጥሩ ቢሆንም ከተጠበቀው አጠረ። የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የመዝጊያው ፍጥነትና የብርሃን ትብነቱ አንዱ ምስሉን ሲያበራ ሌላው ማጨለም እንዳለበት፣ እያንዳንዱም የራሱን ዋጋ እንደሚያስከፍል በሚገባ ተብራርቷል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ የጀርባው ሥዕል ይደበዝዛል፣ መዝጊያው ሲዘገይ የሚንቀሳቀሰው ነገር እየተጎተተ ይደበዝዛል፣ ትብነቱ ሲጨምር ምስሉ ነቁጥ ያወጣል። ለዚህ የተመደበው ግን 2 ቀን ብቻ ስለነበር፣ ብዙዎቻችን ካሜራውን በእጃችን ይዘን የተለማመድነው በድምሩ ከ1 ሰዓት አይበልጥም።

የድምፅ ትምህርት ለብቻው ቢሰጥ እንኳ እመዘገብለት ነበር። መምህርታችን ገና ሲገቡ ዓይናችንን ጨፍነን ለ2 ደቂቃ እንድንቀመጥና የሰማነውን ሁሉ እንድንጽፍ ጠየቁን። የወንበር ሲጥሲጥታ፣ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ኮቴ፣ የአንድ ተማሪ ሳል ጻፍን። ከዚያም በዚያው ክፍል፣ በዚያው 2 ደቂቃ ውስጥ የቀረጹትን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ አሰሙን፤ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው አንዳችንም ያልጻፍነው የቬንቲሌተር ጉምጉምታ ነበር። ጆሮ የለመደውን ድምፅ ይተወዋል፤ ማይክሮፎን ግን ምንም አይተውም። ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የሚለካበት ምክንያትም እንዲሁ ከጆሮአችን ተነሥቶ ተብራራልን፤ የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (በሴኮንድ የሚደረግ ንዝረት) ገደማ ስለሚሰማ፣ ከፍተኛውን ድምፅ በትክክል ለመመዝገብ ከእጥፉ በላይ መለካት ያስፈልጋል። ለቪዲዮ የተለመደው ደግሞ 48,000 ነው።

ይህን ትምህርት የፈተንሁት በማጠቃለያው ሥራዬ ላይ ነው። እያንዳንዳችን ስለ አንድ ባለሙያ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ እንድናዘጋጅ ታዝዘን ስለነበር እኔ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ መረጥሁ። በመጀመሪያው ቀን የመቅረጫውን የድምፅ መጠን በዝግታ ሲናገሩ በሚያሰሙት ድምፅ ለክቼ ጀመርሁ፤ በመካከሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታተው መልሰው መግጠም ያቃታቸውን ሰዓት አስታውሰው ከልባቸው ሳቁ፣ ጠቋሚውም ቀይ ሆነ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የድምፁ ሞገድ አናት በመቀስ የተቆረጠ ያህል ጠፍጥፎ ነበር። መምህርታችን ከጣሪያው፣ ማለትም መቅረጫው ሊመዘግበው ከሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ያለፈ ድምፅ ፋይሉ ውስጥ ስላልተመዘገበ የትኛውም ሶፍትዌር እንደነበረ ሊመልሰው እንደማይችል፣ ስለዚህ ጎላ ያለው ንግግር እንኳ ከጣሪያው 12 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ማስተካከል እንደነበረብኝ አስረዱኝ። ተመልሼ ሄጄ ታሪኩን እንዲደግሙልኝ ስለምናቸው ሰውየው በደግነት ተቀበሉኝና፣ «ልጄ፣ ታሪኩን እነግርሻለሁ፤ ያንን ሳቅ ግን ከየት ላምጣልሽ?» አሉኝ። እውነትም አልመጣም።

ሌላው ችግር ሰዓቶቹ ነበሩ። በሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ያለማቋረጥ ቀጭ ቀጭ ስለሚሉ፣ ከንግግራቸው አንዲት ቃል ቆርጬ ባወጣሁ ቁጥር ምቱ ይዛነፍና አድማጩ የተቆረጠበትን ቦታ ወዲያው ያውቀዋል። ኮርሱ ያስተማረን መፍትሔ ማንም የማይናገርበትን የቦታውን ድምፅ ቢያንስ ለ30 ሴኮንድ ለብቻው መቅረጽና ከንግግሩ ሥር መዘርጋት ነው። እኔም በሁለተኛው ጉዞዬ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አቅርቤ ንግግሩን ቀረጽሁ፤ በክፍት ቦታ ከድምፅ ምንጭ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዲሲቤል ገደማ እንደሚቀንስ ስለተማርን፣ ማይክሮፎኑን ማቅረብ ንግግሩን ከሰዓቶቹ በላይ እንደሚያጎላው አውቄ ነበር። ቀጥሎ የሰዓቶቹን ድምፅ ለብቻው ለ1 ደቂቃ ቀረጽሁ። በኤዲቲንግ ጊዜ ሁለቱን በተለያየ መስመር ሳስቀምጣቸው የተቆረጡት ቦታዎች ከጆሮ ተሰወሩ፤ የሱቁ ድምፅ ከሥዕሉ 2 ሴኮንድ ቀድሞ እንዲገባ ሳደርግ ደግሞ ተመልካቹ በሩን ሳያይ ሱቁ ውስጥ የገባ ያህል ይሰማው ጀመር። በ10 ሳምንቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ ይህን የሰማሁበት ምሽት ነው።

ግራፊክስን በተመለከተ የተሰጠው ትምህርት በቂ ነው ከማለት ያለፈ የምጨምረው የለኝም፤ በጽሑፍና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ንፅፅር እንዲኖር ማስተማሩ፣ ለምስሎችም ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የሚነበብ መግለጫ እንድንጽፍ ማስገደዱ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ፎቶ በስልክ ሲነሣ የተነሣበት ቀንና፣ ቅንብሩ ከተከፈተ፣ ቦታው ጭምር ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ እንደሚቀመጥ ያሳዩን 10 ደቂቃ ደግሞ ብዙዎቻችን ቀድመን ያጋራናቸውን ፎቶዎች እንደገና እንድንመረምር አድርጎናል።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ ከሁሉ የከበደው የቅጂ መብት ትምህርት በ9ኛው ሳምንት መሰጠቱ ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኞቻችን ከኢንተርኔት ያወረድነውን ዘፈን ቪዲዮአችን ላይ ጭነን፣ ምስሉንም በዘፈኑ ምት ላይ ቆራርጠን ጨርሰን ነበር። በ9ኛው ሳምንት ግን በነፃ ማውረድ መቻል በነፃ መጠቀም ማለት እንዳልሆነ፣ የባለቤቱን ስም መጥቀስም ፈቃድ እንደማይተካ፣ ባለቤቶች ሥራቸውን ሌላው እንዲጠቀምበት የሚፈቅዱባቸውን ውሎች የሚያዘጋጀው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያወጣቸው ፈቃዶች እንኳ አንዱ ስም መጥቀስን ብቻ፣ ሌላው ለንግድ አለማዋልን፣ ሌላው ደግሞ ሥራውን አለመለወጥን እንደሚጠይቁ ተነገረን። ትምህርቱ ራሱ ግልጽና ጠቃሚ ነበር። ነገር ግን የማስረከቢያው ቀን ሊደርስ 6 ቀን ሲቀረው መሰጠቱ ተማሪውን በሁለት መጥፎ ምርጫዎች መካከል ያቆመዋል፤ ወይ ሥራውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል፣ ወይ ስሕተት መሆኑን እያወቀ ያስረክባል። ይህ ትምህርት ካሜራ በእጃችን ከመግባቱ በፊት በመጀመሪያው ሳምንት መሰጠት አለበት። እኔ ዘፈኑን አውጥቼ ቪዲዮውን ያለ ሙዚቃ፣ በሰዓቶቹ ድምፅ ብቻ አስረከብሁ፤ ለዚያ የሚሆን ንጹሕ ቅጂ ስለነበረኝ እንጂ ሌሎች 3 ጓደኞቼ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጡ አድረዋል።

እርማቱም ዘግይቷል። በ3ኛው ሳምንት ያስረከብነው የፎቶ ሥራ የተመለሰልን በ7ኛው ሳምንት ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የተጻፈልኝን ትክክለኛ አስተያየት፣ ማለትም ዘወትር ሰውን በክፈፉ መካከል ማቆሜን፣ ያወቅሁት ያንኑ ስሕተት በቪዲዮው ላይ ከደገምሁ በኋላ ነው። መምህራኑ ጠንቃቆች መሆናቸውን አስተያየታቸው ይመሰክራል፤ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ ብቻውን እንዲያርም መደረጉ ግን ጥንቃቄውን ጥቅም አልባ አድርጎታል። የኮምፒውተር ክፍሉ ማሳያዎች ቀለም እርስ በርሱ አይገጥምም፤ በአንዱ ላይ ያስተካከልሁት የቆዳ ቀለም በቀጣዩ ላይ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ሆኖ ይታይ ነበር።

ይህን ሁሉ ከመዘንሁ በኋላ ኮርሱን ምንም መሠረት ለሌለው፣ በተለይም በስልኩ ብዙ እየቀረጸ ለምን እንደማያምርለት ላልገባው ሰው አጥብቄ እመክራለሁ፤ ኤዲቲንግ አስቀድሞ ለሚያውቅና ሙያውን ለማጥለቅ ለሚፈልግ ግን ከድምፁ ክፍል በቀር የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት የቅጂ መብት በስንተኛው ሳምንት እንደሚሰጥ፣ የታረመ ሥራ በስንት ቀን እንደሚመለስና ለአንድ ማይክሮፎን ስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠይቁ። በእኛ ክፍል 4 ማይክሮፎን ለ24 ተማሪ ስለነበር፣ ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ሁለተኛ ለመሄድ ተራዬ እስኪደርስ 8 ቀን ጠብቄአለሁ።