ኮከብ ግብ አግቢ ወይስ ኮከብ ተጫዋች?

ስታዲየም ዙሪያ ማኪያቶ ይዘን ስለ ኳስ የምንጨቃጨቅበት ጥያቄ ሆኪ ውስጥም አለ (በበረዶ ላይ ያለ የገና ጨዋታ ዘመድ በሉት)። የሰሜን አሜሪካውን የሆኪ ሊግ፣ የኤንኤችኤልን ሁለት ዋንጫዎች እንያቸው።

አሰጣጥ፦ የሪቻርድ ዋንጫ ቆጠራ ነው፤ በመደበኛው ውድድር ብዙ ጎል ያገባ ይወስዳል። ሃርት በጋዜጠኞች ድምፅ ነው፤ ቡድኑን ይበልጥ የጠቀመው ይሸለማል።

ጭቅጭቅ፦ ሪቻርድ የለበትም። ሃርት ሞልቶታል።

ሪቻርድን የሚያመልጠው፦ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። በረኛው ለተጨማሪ አጥቂ ቦታ ለቆ ሲወጣ፣ ከሜዳው አጋማሽ ወደ ባዶ መረብ የተንሸራተተችውም ጎል፣ ሦስት ሰው ታልፎ የተመታችውም እኩል አንድ ናት። አቀባዩንማ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በ2023/24 ኦስተን ማቲውስ 69 አግብቶ ሪቻርድን ወሰደ፤ ሃርት ግን 51 ጎልና 89 አሲስት ለነበረው ኔተን ማኪነን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በረኛው ኮነር ሄለበክ ወሰደው። በረኛ በጎል ቆጠራ የት ይደርሳል?

ድምፅም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ስምና ወሬ ይገባበታል።

ጨራሽ አጥቂ ለመለየት ሪቻርድ ይበቃል። ሙሉ ዓመቱን ለመመዘን እኔ ወደ ሃርት አደላለሁ። ተከላካይ ከሆነ ግን ኖሪስ የሚባል የራሱ ዋንጫ አለው።