ቢጫው ፊልተሬ ደመናውን ሰጠኝ፣ ጥላውን ወሰደብኝ

ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቢጫ ፊልተር፣ ማለትም ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዝ ባለቀለም መስታወት፣ ሌንሴ ላይ ከርሟል። ዛሬ ስለ እሱ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ባለፈው ሳምንት ያጠብኩት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። እህቴ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትስቃለች። ከኋላዋ ፀሐይ የመታው ግድግዳ አለ። ኔጋቲቩን (ብርሃኑ ጠቁሮ፣ ጥላው ነጥቶ የሚታይበትን የታጠበ ፊልም) በጣቶቼ ጫፍ ይዤ ወደ መስኮቱ ቀና አደረግኩት። ግድግዳው እንደሚገባው ጠቁሯል። የእህቴ ፊት ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ የመስኮቱን ፍርግርግ በፊቷ በኩል ቁልጭ አድርጌ አየሁት። ሲታተም ጥርሷ ብቻ ቀረ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። በኋላ ግን እዚያው ፊልም ላይ ከእሱ በፊት ያለውን ፎቶ ቁጥር 21 አየሁ። እዚያው ዛፍ ሥር፣ እዚያው ሰዓት፣ ፊልተሩን ሳላደርግ ያነሳኋት ናት። ፊቷ ደህና ነው። ቁጥር 22 ላይ ፊልተሩን አደረግኩና ጠፋች።

ሻጩ ሲሸጥልኝ «ሰማይህ ይለወጣል» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ጥላህም ይለወጣል ግን አላለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰማያዊ ብርሃንን ከዓይናችን አብልጦ ያያል። ለዚህ ነው ሰማዩም ደመናውም አንድ ላይ ነጭ ሆነው የሚወጡት። ቢጫ መስታወት ሰማያዊውን ይይዝና አረንጓዴውንና ቀዩን ያሳልፋል። ሰማዩ ጠቆር ይላል፣ ደመናው ብቅ ይላል። እስከዚህ የሁሉም ሻጭ ወሬ ነው። አሁን ዛፍ ሥር ግቡ። ፀሐይ እዚያ አትደርስም። ፊት ላይ የሚያርፈው ከሰማይ የሚመጣ ብርሃን ነው፤ እሱ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ፊልተሩ ከግድግዳው ይልቅ ከእህቴ ፊት ላይ አብልጦ ይበላል።

የእኔው ፊልተር ቁጥር 8 የሚባለው ነው፤ የድሮዎቹ ሰዎች ኬ2 የሚሉት። አንድ ስቶፕ ይወስዳል፤ የብርሃኑን ግማሽ ማለት ነው። ካሜራዬ የራሱ ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) ስለሌለው በእጅ በምይዘው ነው የምለካው፤ የፍጥነት ቁጥሩ 400 የሆነ ፊልም ስጭን፣ እጥፍ ብርሃን እንዲሰጠኝ ሜትሩን 200 ላይ አደርገዋለሁ። ያ አንድ ስቶፕ ግን የፀሐይ ሂሳብ ነው። ጥላ ውስጥ አይበቃም።

«ታዲያ በሌንሱ በኩል የሚለካ ካሜራ አትገዛም?» የሚል ሻጭ ይታየኛል። ወንድሜ፣ እሱም ቢሆን ግድግዳውንና ፊቱን አንድ ላይ ለክቶ አማካዩን ነው የሚሰጠኝ። ችግሩ የብርሃኑ መጠን ብቻ አይደለም፤ በፀሐዩና በጥላው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው የሰፋው። ለፊቷ ብዬ ሌንሱን ስከፍት ግድግዳው ብርሃን በዝቶበት ያመልጠኛል። እርግጥ ፊልም ብርሃን ከሚያንሰው ቢበዛበት ይሻለዋል። ስለዚህ አሁን ጥላ ውስጥ ሰው ካለ ሌላ አንድ ስቶፕ እከፍታለሁ፣ ወይም ፊልተሩን ነቅዬ ኪሴ እከተዋለሁ።

ስነቅለውም ጣጣ አለው። የሚጠመዘዝበት ጥርስ ሌንሱን ነክሶ ይይዛል። በጠበቀ ላስቲክ ዙሪያውን ጠምጥሜ ነው ያላቀቅኩት።

በዳመነ ቀን ምንም አይሠራም፤ ነጭ ሰማይን የሚያጠቁርበት ሰማያዊ የለውማ። አንድ ስቶፕ ወስዶ፣ ሹተሩን አዘግይቶ ፎቶዬን ያንቀጠቅጥብኛል። ጀንበር ስትጠልቅም ብርሃኑ ራሱ ቢጫ ስለሆነ ብዙ የሚጨምረው ነገር የለም።

ታዲያ ልሽጠው? ትናንት ብትጠይቁኝ አዎ እላችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ከሁለት ወር በፊት ያነሳሁትን አንድ ፎቶ አወጣሁ። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ያነሳሁት ገላጣ ሜዳ ነው። ደመናዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሳሩም ፈካ ብሏል። ቀዩን ፊልተር ተውሼ ሞክሬዋለሁ፤ ሰማዩን ሌሊት አስመስሎ ያጋንነዋል። ይሄኛው ያየሁትን ነው የሰጠኝ። አልሸጠውም።

ብቻ አሁን ውሎው ሌንሱ ላይ ሳይሆን የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው። አንዴ ረስቼው ከሸሚዙ ጋር ታጥቧል። መስታወቱ ራሱ ቢጫ ስለሆነ ቀለሙ አልለቀቀም። እህቴ ግን ሁለተኛ ዛፍ ሥር አልቀመጥልህም ብላለች።