ለቅልጥምና ለውስጥ እግር ሕመም፦ በረዶ ወይስ የሞቀ የጨው ውሃ?

ተረከዝ በማይደግፍ ነጠላ ጫማ ረጅም የአስፋልት መንገድ ተጉዞ ቅልጥሙንና ውስጥ እግሩን ለሚያመው ሰው በየቤታችን ቀድሞ የሚቀርብለት የሞቀ የጨው ውሃ ነው። እብጠት ካለ ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እኔ በረዶውን አስቀድማለሁ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲያዝ የደም ሥሮችን አጥብቦ ሕመሙን ያደነዝዛል፤ ሙቀት በአንጻሩ ደም ወደ ሥፍራው ስለሚስብ እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ሙቅ ውሃው የሚጠቅመው እብጠቱ ከጎደለ በኋላ፣ የተኮማተረ ባትን ለማፍታታት ነው። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ቃጠሎውም ቅዝቃዜውም ስለማይሰማው ከሁለቱም ይጠንቀቅ። ቅልጥሙ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ የሚያም፣ በዕረፍትም የማይተው ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።