«እዚህ ሲሠራ አይተውታል» ብለው ዲስክ ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ለሽኝት ፎቶግራፍ፣ ዜማና ቪዲዮ ያለበት ስላይድ በዲስክ ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። እኔና ጓደኞቼ 4,500 ብር አዋጥተን ያሠራነው ስላይድ ከተሠራበት ኮምፒውተር በስተቀር የትም አልተጫወተልንም።

መንዝ ውስጥ ያስተማሩን አንድ መምህር ባለፈው ሰኔ በጡረታ ሲሰናበቱ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የሽኝት ዝግጅት አሰናዳን። ስላይዱ የቆዩ ፎቶግራፎችን፣ ከሥር የሚሰማ የማሲንቆ ዜማንና መምጣት ያልቻሉ ተማሪዎች በስልክ ቀርጸው የላኩትን የምስጋና ቪዲዮ እንዲይዝ ተስማምተን፣ ደብረ ብርሃን ለሚገኝ አንድ የኮምፒውተር አገልግሎት ቤት ከ25 ቅጂ ጋር አዘዝን። ዲስክ የመረጥነው ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ስለሌለውና እንግዶቹም ቤታቸው ባለው የዲቪዲ ማጫወቻ ደግመው እንዲያዩት ብለን ነው። ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ነግረነዋል፤ መልሱም «የትም ይሠራል» የሚል ነበር።

በርክክቡ ዕለት ስላይዱ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከዳር እስከ ዳር ተጫወተ፤ ዜማው ተሰማ፣ ቪዲዮውም ታየ። እኛም ደስ ብሎን ቀሪውን ሒሳብ ከፍለን ወጣን። ስህተታችን ይኸው ነው።

በዝግጅቱ ቀን ዲስኩ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፎቶግራፎቹ በሥርዓቱ መጡ፤ ዜማው ግን ጭራሽ አልነበረም። ቪዲዮው ሊታይበት የሚገባው ገጽ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ምስል ብቻ ደርቆ ቀረ፤ አንዲት የክፍል ጓደኛችን ለመናገር አፏን እንደከፈተች ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ብንጫንም አልተንቀሳቀሰችም። አዳራሹ ዝም አለ። መምህራችን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ግድ የለም፣ ምን እንዳለች እናንተው ንገሩኝ» አሉን።

ማታ ዲስኩን በራሴ ላፕቶፕ ከፍቼ ስመለከት ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየኝ። በውስጡ የነበረው አንድ የፓወር ፖይንት (የስላይድ መሥሪያ ፕሮግራም) ፋይል ብቻ ሲሆን መጠኑም 11 ሜጋባይት ነበር፤ እኔ በፍላሽ የሰጠኋቸው ቪዲዮ ግን ለብቻው ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው። እንዳለ እዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ሱቁ የተጠቀመው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2007 የወጣውን ፓወር ፖይንት ነው፤ በዚያ ሥሪት ደግሞ ቪዲዮና ኤምፒ3 ዜማ ወደ ስላይዱ «ሲገባ» በእርግጥ የሚገባው ፋይሉ ሳይሆን ፋይሉ የሚገኝበት አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው የሚያመለክተው በሱቁ ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ውስጥ ያለን ፎልደር ስለሆነ፣ ስላይዱ እዚያ ሆኖ ሲከፈት ሁሉንም ያገኛል፤ መንዝ ላይ ሲከፈት ግን የሌለ ቤት ያንኳኳል። ከ2010 ጀምሮ የወጡት ሥሪቶች ቪዲዮን በፋይሉ ውስጥ ማካተት ይችላሉ፤ ሆኖም ሠራተኛው ፋይሉ እንዳይከብድበት ሊንክ ብቻ ማድረግን ከመረጠ ውጤቱ ያው ነው።

የሚያናድደው መፍትሔው የጥቂት ደቂቃ ሥራ መሆኑ ነው። ፓወር ፖይንት ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከ2003ቱ ሥሪት ጀምሮ ያለ፣ «ፓኬጅ ፎር ሲዲ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ስላይዱ የተያያዘባቸውን ዜማዎችና ቪዲዮዎች ከያሉበት ለቅሞ ከስላይዱ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጣል። በዚህ ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው ይህን አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል?

የአማርኛው ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ርዕሶቹ የተጻፉት ዩኒኮድ (ፊደላት በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር የሚይዙበት ዓለም አቀፍ አሠራር) ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፎንት ስለነበር፣ ያ ፎንት ባልተጫነበት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የመምህራችን ስም የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ሆኖ የደብተራ ጠልሰም መሰለ። የግዕዝ ፊደል እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ ዊንዶውስም ቪስታ ከተባለው ሥሪቱ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መምጣት ከጀመረ በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ ማስረከብ ምክንያት የለውም።

ቅጂዎቹን ወደ ቤታቸው የወሰዱት እንግዶችም አልቀናቸውም። ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ የፓወር ፖይንት ፋይል ማንበብ አይችልም፤ በቴሌቪዥን እንዲታይ ከተፈለገ ሥራው ወደ ቪዲዮ ተለውጦ በዲቪዲ ቪዲዮ አሠራር ዲስኩ ላይ መጻፍ አለበት። «የትም ይሠራል» ያለን ሰው ይህን ልዩነት ሳይነግረን 25 ዲስክ አባዝቶ ሸጦልናል።

ተመልሰን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «እዚህ ሲሠራ አይተውት የለም እንዴ? የእናንተ ኮምፒውተር አርጅቶ ነው፣ ፎርማት አስደርጉት» የሚል ነበር። ቀጥሎም «ለማስተካከል» ተጨማሪ 1,500 ብር ተጠየቅን። ደረሰኝ የተባለውም የሱቁ ስም እንኳ የሌለበት የእጅ ጽሑፍ ብጣሽ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይሁንና ደረሰኝ ሳይዙ መብትን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያደክም አሁን አውቀነዋል።

ስለዚህ ሸዋ ሮቢትም ሆነ ደብረ ሲና፣ ዓለም ከተማም ሆነ መሐል ሜዳ እንዲህ ያለ ሥራ የምታሠሩ ሰዎች፣ በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ በማየት ብቻ ተረክባችሁ ሙሉ ሒሳብ አትክፈሉ። ቢቻል የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም ዲስኩን ወስዳችሁ ሌላ ቤት ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ግማሹን ክፍያም እስከዚያው ያዙ። ዲስኩን ከፍታችሁ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ተመልከቱ፤ ቪዲዮ አለበት የተባለ ስላይድ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ለብቻው ከተቀመጠ ቪዲዮው ሱቁ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ስላይዱ ወደ ኤምፒ4 ቪዲዮ ተለውጦ ሁለተኛ ቅጂ እንዲሰጣችሁም ጠይቁ፤ ከ2013ቱ ሥሪት ወዲህ ያለው ፓወር ፖይንት ይህን በራሱ ይሠራል፤ እንዲህ ያለው ቅጂ ፓወር ፖይንት በሌለበት ኮምፒውተርም ይከፈታል። በእርግጥ ገጹን በፈለጉበት ጊዜ እየተጫኑ ማሳለፍ ይቀራል፤ ለሽኝትና ለሠርግ ግን ይህ ብዙም አይጎዳም። አንድ ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ተራ ዲቪዲ ደግሞ 4.7 ጊጋባይት ገደማ እንደሚይዝም አስታውሱ፤ «ቦታ አልበቃ ስላለ ነው» የሚል ሰበብ ቢመጣ መልስ ይሆናችኋል።

እኛ ፎቶግራፎቹንና ቪዲዮዎቹን ከየስልካችን እንደገና ሰብስበን፣ አንድ የመምህራችን የቀድሞ ተማሪ በሁለት ምሽት አዲስ አድርጎ ሠራው፤ በሦስት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ከሞከርነው በኋላም በፍላሽ ለመምህራችን ላክንላቸው። 4,500 ብሩ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ዲስኮቹንና ያቺን ብጣሽ ወረቀት ይዘን በመጪው ሰኞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን።