ግሩም ሾርባ፣ 88 ዴሲቤል

የአባቴ ቀኝ ጆሮ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ምሳ ልጋብዛቸው ወስጃቸው ያዘዙትን ለአስተናጋጁ ሦስት ጊዜ ደገሙለት፤ በመጨረሻ የምግብ ዝርዝሩን በጣታቸው አሳይተው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ማዕዱ እስኪነሣ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሙዚቃው እንዲቀነስ ስጠይቅ አስተናጋጁ «ይህ እኮ የተቀነሰው ነው» ብሎኝ ሄደ።

ስልኬን አወጣሁ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለአይፎን በነጻ ያዘጋጀው የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ተጭኖበታል። ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩት አጠገቡ ማንኪያ ወደቀና ቁጥሩ 97 ደረሰ። ያንን አልቆጠርኩትም፤ የአንድ ቅጽበት ንረት ስለ ቤቱ ምንም አይናገርም። የስልኩን ሽፋን አውልቄ፣ ማይክሮፎኑን በጣቴ እንዳልከልል ተጠንቅቄ፣ በጆሮዬ ከፍታ ይዤ የአምስት ደቂቃ አማካይ ወሰድኩ፤ 88 ዴሲቤል። ስልክ የባለሙያ መሣሪያ አይደለምና ሁለት ዴሲቤል ከፍ ዝቅ ቢል አልከራከርም። ይሁን እንጂ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያወሩ ሰዎች ድምፅ 60 ገደማ ነው።

ሾርባው ግሩም ነበር፤ ትኩስ፣ ጨውም ያልበዛበት። ሂሳቡ ግን አስደነገጠኝ። ያን ያህል የሚያስከፍል ቤት መጋረጃ መስቀል እንዴት ያቅተዋል? ወለሉ ድንጋይ፣ ግድግዳው መስታወት ነው፤ ድምፁ የሚያርፍበት አጥቶ ይነጥራል። ሙዚቃውን ለመብለጥ አንዱ ሲጮህ ጎረቤቱም ይጮሃል። ዘወትር የምንሄድበት ምንጣፍ የለበሰ ቤት 68 ነው የለካሁት፤ ምግቡ ከዚህኛው ባይደርስም አባቴ እዚያ ይጫወታሉ።

ልንወጣ ስንል በንዴት ቁጥሩን ለአስተናጋጁ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋልኝ። ደገምኩለት፤ አሁንም አልሰማኝም። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በጩኸት ስጠይቀው «አሥር» አለኝ። ያው ተቋም ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት ሰዓት ብቻ ማለት ነው። ንዴቴ ከልጁ ላይ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ ዞረ። ቁጥሩንና አራት ሰዓት የሚለውን በወረቀት ጽፌ ለባለቤቱ እንዲሰጥልኝ አደራ አልኩት።

አባቴ የመኪናውን በር ከዘጉ በኋላ «ሾርባው እንዴት ይጣፍጣል!» አሉኝ።